ክኒኑ ከእርግዝናው ይቅደም

ሰሞኑን በሬዲዮ ስለ እናቶች አመጋገብ የተናገሩ አንድ ባለሙያ አናደዱኝ። የሰሜን ሸዋ እናት ገብስና ባቄላ ሞልቶላት የምትጎዳው በግንዛቤ ማነስ ነው አሉ። ይህ አልበቃ ብሏቸው፣ የድሮ እናቶች ፎሊክ አሲድ የሚባለውን የቫይታሚን ክኒን ሳይውጡ ወልደው አሳድገዋል ብለው ጨመሩበት።

ወልደዋል፤ ቀብረዋልም። የመንዝን አሮጊቶች ስንት ወለዱ፣ ስንት አደገልዎ ብለው ይጠይቁ። የብዙዎቹ መልስ ሁለት የተለያየ ቁጥር ነው።

ግንዛቤ ግንዛቤ ማለቱም ሰልችቶኛል። እንቁላል እንደሚጠቅም የማታውቅ ሴት የለችም። ዶሮዋ የጣለችውን ጭድ ውስጥ ሸጉጣ ለገበያ ቀን የምታጠራቅመው የጨውና የዘይት መግዣ ስለሌላት ነው። ምግብ ሲቀርብም ባልና ልጆች ይቀድማሉ፤ የሚተርፈው ለሷ ነው። ይህን ፖስተር በመለጠፍ አትፈቱትም።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን የፎሊክ አሲዱ ነገር ነው። የሕፃኑ አንጎልና አከርካሪ የሚሠሩበት ቱቦ ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ይዘጋል። በደንብ ካልተዘጋ ሕፃኑ አከርካሪው ክፍት ሆኖ ሊወለድ ይችላል። በዚያ ጊዜ ብዙዋ ሴት ማርገዟን እንኳ አታውቅም። እኛ ዘንድ ክኒኑ ከአይረን ጋር ተደርጎ የሚሰጣት ለክትትል ስትመጣ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ሆዷ ከገፋ በኋላ። ያኔ ለደሟ ይጠቅማታል፣ ለቱቦው ግን ረፍዷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለማርገዝ ያሰበች ሴት ቀድማ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ እንድትጀምር የሚመክረው ለዚህ ነው። ባቄላና ምስር ፎሌት፣ ማለትም ይኸው ቫይታሚን በምግብ ውስጥ የሚገኝበት ዓይነት፣ አላቸው፤ ትብላ። የክኒኑን ቦታ ግን አይሸፍኑም።

ከማርገዟ በፊት የት እናገኛታለን ትሉ ይሆናል። ራሷ ትመጣለች እኮ! ክንዷ ውስጥ ያለውን የወሊድ መከላከያ አውጡልኝ ብላ ጤና ጣቢያ የምትገባ ሴት ብዙ ጊዜ ልጅ ፈልጋ ነው። ነርሷ ታወጣላታለች፣ በፋሻ ታስርላታለች፣ ባዶ እጇን ትሸኛታለች። ልጅ አስበሽ ነው ወይ ብላ ጠይቃ ክኒኑን ብታስይዛት ምን ነበረበት? ከጋብቻ በፊት ለኤች አይ ቪ ምርመራ የሚመጡ ጥንዶችስ? እነሱም በዚያው በር ይገባሉ፣ በዚያው በር ይወጣሉ።

ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ያሉ ጤና ጣቢያዎች ይህን ለመጀመር አዲስ ሕንፃም አዲስ ሥልጠናም አያስፈልጋቸውም። ክኒኑ መደርደሪያው ላይ ይኑር። መከላከያ የሚወጣበት ክፍል ውስጥም ይቀመጥ።