እኩልታው ቢፈርስስ?

የአውሮፕላን ክንፍ ሲነደፍም ሆነ የነገ ዝናብ ሲተነበይ ኮምፒውተሮች የሚያሰሉት የፈሳሽንና የአየርን እንቅስቃሴ የሚገልጹትን የናቪየር-ስቶክስ እኩልታዎች ወይም የቅርብ ዘመዶቻቸውን ነው። ፈረንሳዊው ናቪየር በ1822፣ አየርላንድ የተወለደው ስቶክስ ደግሞ በ1845 ያቀረቧቸው ናቸው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን ነው)። «ታዲያ ከሠሩ የሒሳብ ሰዎችን ምን ያስጨንቃቸዋል?» የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም።

ጥያቄው ይሄ ነው። ፍሰቱ ሲጀምር ለስላሳ፣ ማለትም ፍጥነቱ ከቦታ ቦታ ያለ ድንገተኛ ዝላይ የሚለዋወጥ ነበር እንበል። እስከ መጨረሻው ለስላሳ ሆኖ ይቀጥላል? ወይስ የሆነ ሰዓት፣ የሆነች ነጥብ ላይ ፍጥነቱ ወሰን ያጣል፣ ማለትም ይፈርሳል? ክሌይ የሒሳብ ተቋም በ2000 አንድ ሚሊዮን ዶላር መድቦለታል። እስካሁን የወሰደው የለም።

በጠፍጣፋ፣ ባለ ሁለት አውታር ፍሰት ጉዳዩ አልቋል። ከፈረንሳዊው ለሬ ቀጥላ ሩሲያዊቷ ኦልጋ ላዲዠንስካያ ፍሰቱ እንደማይበላሽ አረጋግጣለች። ጣጣው ያለው እኛ በምንኖርበት ባለ ሦስት አውታር ዓለም ነው። እዚህ አዙሪት ይለጠጣል። ሲለጠጥ ይቀጥናል፤ ሲቀጥን ይበልጥ ይፈጥናል። የፈሳሹ የውስጥ ሰበቃ ደግሞ ሊያበርደው ይታገላል። ማን ያሸንፋል? ከውጭ ካልተጨመረበት የፈሳሹ ጠቅላላ ጉልበት እንደማያድግ እናውቃለን። ግን ያ ጉልበት እጅግ ጠባብ ቦታ ውስጥ ከታጨቀ ፍጥነቱን ምን ይገታዋል? ነገሩ ሁሉ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የሒሳብ ሊቁ ቴረንስ ታኦ በ2014 እኩልታውን ቀየር አድርጎ፣ የጉልበቱን ሕግ ግን ሳይነካ፣ ፍሰቱ ሊፈርስ እንደሚችል አሳየ። ስለዚህ የጉልበቱን ሕግ ብቻ ይዞ «አይፈርስም» ማለት አያዋጣም።

እኔ እንዲያውም መፍረሱን ለማሳየት የሚጥሩትን አብዝቼ አደንቃለሁ። ፈረሰ ማለት ውሃው ፈነዳ ማለት አይደለም። ውሃ የሞለኪውሎች ስብስብ ነው፤ እኩልታው ግን አንድ ወጥ፣ ያልተቆራረጠ ነገር አድርጎ ነው የሚያየው። ቢፈርስ፣ ያ አተያይ የት ድረስ እንደሚያስኬድ ሒሳቡ ራሱ ይነግረናል። ኮምፒውተር ይህን አይነግረንም። ፍሰቱን በትንንሽ ክፍልፋዮች ሸንሽኖ ያሰላል፤ ከዚያ የሚያንሰውን በግምት ይሞላዋል። ትንበያው ደህና መውጣቱ ለጥያቄው መልስ የማይሆነው ለዚህ ነው።

በ2022 የሒሳብ ተመራማሪዎቹ ቼን እና ሆው ሰበቃ ለሌለው የኦይለር እኩልታ፣ ለስላሳ ፍሰት ግድግዳ አጠገብ ሊፈርስ እንደሚችል በኮምፒውተር የታገዘ ማረጋገጫ አቀረቡ። ኮምፒውተር የገባበት ማረጋገጫ የማይጥማቸው አሉ። ቅሬታው አይገባኝም። እነዚህ ሰዎች በግርድፉ አላሰሉም፤ የስሌቱ ስህተት ከምን እንደማይበልጥ ጭምር አስረግጠዋል። ሰበቃው ሲገባ ግን መንገዱ ገና አላደረሰም። ወጣት ተመራማሪዎች ጊዜያቸውን ቢሰጡት የምመኘው ይሄንን ነው።