ሂሳብ ላልገባበት የሂሳብ ስልጠና የቀረበ ምስጋና

ባለፈው ሳምንት በድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ በሚገኝ አንድ አዳራሽ፣ «ዘመናዊ የሂሳብ ማስተማር ሥነ ዘዴ» በሚል ርዕስ በተሰጠው የሦስት ቀን ስልጠና ከተካፈልኩ ወዲህ፣ ይህን የመሰለ ሥራ ያለ ምስጋና ቢታለፍ ነውር ነው የሚል ስሜት አላስቀምጥ ብሎኛል። አንባቢ መምህር ከሆኑ፣ ወይም ከመምህር ጋር ትዳር የመሠረቱ ከሆነ፣ የትኛውን ዓይነት ስልጠና እንደማመሰግን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግዎትም። ከመቶ በላይ የሂሳብ መምህራን፣ ግማሾቻችን ከሐረር ደንገጎን ቁልቁል ወርደን፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ቀን ሙሉ ስንቀመጥ፣ ሂሳብ የተባለው ነገር ሾልኮ ገብቶ መርሐ ግብሩን እንዳያውክ የተደረገው ጥንቃቄ በየትኛውም ሙያ ተወዳዳሪ የሚገኝለት አይመስለኝም። ሐኪሞች ተሰብስበው ስለ በሽታ ሳያነሡ ቢለያዩ ሰው ይታዘባቸዋል፤ እኛ ግን ችለነዋል።

መክፈቻው ራሱ ትምህርት ነበር። የክብር እንግዳው እስኪመጡ ድረስ በዚያ ሙቀት አንድ ሰዓት ተኩል መቀመጣችን ትዕግሥትን በተግባር አለማምዶናል። በመጡም ጊዜ የተነበበው ንግግር፣ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን የሚያስታውስ ነበር። ንግግሩን ያነበቡት ሰው ግን ነጥቡን ዘለው «ሠላሳ ሦስት በመቶ» አሉ። አዳራሽ ሙሉ የሂሳብ መምህር፣ ውጤቱ በአንድ ትንፋሽ አሥር እጥፍ ሲያድግ እየሰማ፣ አጨበጨበ። በመክፈቻ ንግግር ላይ ስለ አሥርዮሽ ነጥብ የሚያነሣ ሰው ለሚቀጥለው ዙር እንደማይጠራ ሁላችንም እናውቃለን።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን የቡድን ሥራው ነው። ከሻይ በኋላ በስምንት ቡድን ተከፈልን። አከፋፈሉ ከአንድ እስከ ስምንት እየቆጠርን በመሆኑ በስልጠናው ውስጥ ከሠራነው ሂሳብ ከፍተኛው ይኸው ነው፤ እርሱንም ተሳስተን ደግመነዋል። ለየቡድኑ አንድ ትልቅ ወረቀትና አንድ የደረቀ ማርከር ታደለ፤ «የጥሩ የሂሳብ መምህር መለያ ባሕርያት ምንድን ናቸው?» የሚል ጥያቄም ተሰጠን። ቡድን አንድ «ሰዓት አክባሪ፣ አርአያ የሆነ፣ ተማሪዎቹን እንደ ልጆቹ የሚወድ፣ ተማሪ ተኮር» ብሎ አቀረበ። የቡድን ሁለት ተወካይ «ቡድን አንድ የእኛን ሁሉ ወሰደብን» ሲል ሳቅን፤ ከዚያም የተወሰደበትን አንድ በአንድ አነበበልን። ቡድን ሦስት «ከላይ የተጠቀሱት እንደተጠበቁ ሆነው» ካለ በኋላ ከላይ የተጠቀሱትን ጠቀሰ። ቡድን አራት በዚያው ዝርዝር ላይ «ፀጉሩን በአግባቡ የሚቆረጥ» የሚል ጨመረበትና ሞቅ ያለ ክርክር ተነሣ፤ መምህርቶችን ያገለለ ነው ተብሎ «የሚቆረጥ ወይም የሚሠራ» በሚል ተስተካከለ። ቡድን አምስት «ሰዓት አክባሪ» የሚለውን ነጥብ ለማብራራት ከተፈቀደለት አምስት ደቂቃ ውስጥ ሃያ ሁለቱን ተጠቀመ። ቡድን ስድስት በጭውውት መልክ አቀረበ፤ ጭውውቱ ውስጥ አንድ ሰው አርፍዶ ይመጣል። የቡድን ሰባት አቅራቢ ስልክ ሊያነሣ ወጥቶ ስለነበር ተጠበቀ። ቡድን ስምንት ሰዓት በማለቁ ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ብቻ እንዲለጠፍ ሲጠየቅ «እኛስ ምን በደልን?» ብሎ በመቃወሙ ከምሳ ሰዓታችን ላይ ተቆርሶለት «ሰዓት አክባሪ» የሚለውን ለስምንተኛ ጊዜ አሰማን። በየመካከሉ፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሰዎች፣ በአንድ ጣት ጀምሮ በአምስት ጣት የሚያልቅ ጭብጨባ እንዲያጨበጭቡ ይታዘዙ ነበር። ከሰዓት በኋላ በሙቀቱ ፕላስተሩ ለቆ ሁለት ወረቀቶች ወደቁ፤ አንድ አዛውንት መምህር አንሥተው የአንዱን በሌላው ቦታ ለጠፉት፣ የወረቀቶቹ ባለቤቶችም ሳያውቁ ስልጠናው አለቀ። አሰልጣኙ በመጨረሻ «የእናንተን ሐሳብ ላጠቃልል» ብለው የከፈቱት ስላይድ ግን አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የመጣ ነበር፤ የመጀመሪያው መሥመር ምን እንደሚል መናገር አያስፈልገኝም።

በሁለተኛው ቀን አንድ አደጋ ሊደርስ ነበር። ከሳቢያን በኩል የመጣች ወጣት መምህርት ተነሥታ፣ «ክፍልፋይን ለክፍልፋይ ስናካፍል ሁለተኛውን ገልብጠን ለምን እናባዛለን ብሎ ተማሪ ጠየቀኝ፤ ሕጉ ነው ብዬ አለፍኩት፤ እንዴት ባስረዳው ይሻላል?» አለች። አሰልጣኙ «የኔ እህት፣ በጣም ግሩም ጥያቄ ነው» ብለው ጥያቄዎች እንዲቆዩበት ከተለጠፈው ወረቀት ላይ ጻፉት። ከኋላዬ አንድ ሰው «አቦ፣ ይመለስላት እንጂ!» ቢልም፣ ቀጣዩ ርዕስ «አዎንታዊ አስተሳሰብ» ስለነበር ጊዜ አልተገኘም።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ለአፍታ ልተወው። ይህች ልጅ የጠየቀችው ጥያቄ በአሥር ደቂቃ ይመለሳል። ሦስት አራተኛ ሊትር ወተት አንድ ስምንተኛ ሊትር በሚይዝ ስኒ ቢቀዳ ስንት ስኒ ይሞላል? ሙሉው ሊትር ስምንት ስኒ ስለሚሞላ፣ ሦስት አራተኛው የስምንት ሦስት አራተኛ፣ ማለትም ስድስት ስኒ ይሞላል፤ በስምንት ያባዛነው ለዚህ ነው። መምህራንን የሚያስቸግረው ደግሞ እዚህ ብቻ አይደለም። የሂሳብ ትምህርት ተመራማሪዋ ሊፒንግ ማ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው ጥናት ውስጥ አንድ ከሦስት አራተኛን ለግማሽ እንዲያካፍሉ ከተጠየቁት 23 የአሜሪካ መምህራን ትክክለኛው መልስ ላይ የደረሱት ከግማሽ በታች ሲሆኑ፣ 72ቱ የቻይና መምህራን ግን ሁሉም አግኝተውታል። ስለዚህ መምህርቷ የምታፍርበት ነገር የለም። ማፈር ያለበት፣ በራሷ ፈቃድ ቆማ «ይህን አላውቅም» ለማለት የደፈረችን ሰው በ«ግሩም ጥያቄ» ሸኝቶ ወደ ክፍሏ ባዶ እጇን የመለሰው ነው። ያ የጠየቃት ተማሪ ነገ በእንግሊዝኛ በተጻፈ የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ፊት ሲቀመጥ ያልተመለሰለትን ጥያቄ ይዞ ነው የሚቀመጠው፤ ከዚያ የፈተናው ውጤት ሲወጣ ሌላ ስልጠና ይከፈትበታል።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። በእኛ በሰልጣኞቹ ሙያዊ ብቃት ላይ ያደረብኝን ጥርጣሬ ሦስተኛው ቀን ከሥሩ ነቅሎታል። የአበል መክፈያ ቅጹ ሲዘረጋ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በስልካቸው የነበሩት ሁሉ ነቁ። ከሐረር የመጣው ሰው የመጣበት ቀን ቁርስ ይታሰብለታል ወይስ አይታሰብም፣ አዘጋጁ ያበላው ምሳ ከየትኛው መቶኛ ይቀነሳል፣ ማታውኑ ወደ ሐረር የተመለሰ ሰው የመኝታውን ድርሻ ያጣል ወይ የሚለው ጥያቄ ያለ ወረቀት፣ ያለ ካልኩሌተር፣ በማስረጃና በተቃራኒ ምሳሌ ተፈታ። አንድ ባልደረባዬ ሂሳብ ሹሙ የተሳሳቱትን ክፍልፋይ ለማረም የተጠቀመበትን መንገድ ማንም ቢቀርጸው ለሚቀጥለው ስልጠና በቂ ነበር።

ሰርተፊኬቱ የመጣው በዚህ መካከል ነው። እንደሚታወቀው እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ እንዲያከናውን መመሪያው ይጠይቃል፤ የመመሪያው ሐሳብ መምህሩ በገዛ ትምህርት ቤቱ የራሱን ችግር ለይቶ፣ አቅዶ፣ ሞክሮ፣ ገምግሞ እንዲሻሻል ነው። አዘጋጆቹ በደግነታቸው ይህን ሁሉ ድካም አስቀርተውልን፣ በወፍራሙ ወረቀት ላይ «የ60 ሰዓት ስልጠና» ብለው አትመውታል። ሦስት ቀን 72 ሰዓት ነው፤ 60ው ሲቀነስ ለእንቅልፍ፣ ለምሳ፣ ለሻይ፣ ለባጃጅና የክብር እንግዳውን ለመጠበቅ በቀን አራት አራት ሰዓት ይደርሰናል ማለት ነው። ከመቶ በላይ የሂሳብ መምህራን ተሰልፈን፣ ስማችን በትክክል መጻፉን አረጋግጠን፣ ፈርመን ወሰድን።