«ጣቴን በዓይንሽ ተከተይ» ሲሉሽ

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። «ነገ ዓይኔን በጣት ሊያዞሩኝ ነው» አለች። «ሊያፈዙኝ ነው እንዴ?»

የልብ ጓደኛዬ ናት። አሁን የምትኖረው ጀርመን ነው። ከዚያ በፊት ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣች ነበር። ከ200 በላይ ሰው ያለቀበት ፍንዳታ ነው። እሷን እግዜር አተረፋት። የመስታወቱ ድምፅ ግን አብሯት መጣ። እኛ ቤት ቡና ጠጥተን ስኒ ስታጥብ አንድ ባንድ ጨርቅ ላይ ነው የምታስቀምጠው። ስኒ ከስኒ እንዳይነካ። እኔ ጥንቁቅ ስለሆነች ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ልጄ ብርጭቆ የተደረደረበትን ትሪ ጣለው። ዞር ስል እሷ ጠረጴዛው ሥር ናት። እንዴት እንደገባች አላየሁም።

ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። «እንደኔ የሚፈሩ አሉ፣ ጻፊው» አለችኝ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «አንቺ» የምለው ለእሷ ቢጤዎች ነው። ወንድሞቼ፣ ለእናንተም ነው።

ሐኪሟ የላካት ኢ.ኤም.ዲ.አር. ወደሚባለው ሕክምና ነው። ክፉ ትዝታን በአእምሮ ይዞ ዓይንን ግራና ቀኝ እያንቀሳቀሱ የሚደረግ የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። ሲሰሙት ግር ይላል። ለዚያች ማታ ጥያቄዋ መልሱ ግን አጭር ነው። አፍዝ አደንግዝ አይደለም። ዓይንሽ ክፍት ነው፣ ነቅተሻል፣ የምትዪውን ታውቂያለሽ። እጅሽን ከፍ ካደረግሽ ወዲያው ይቆማል።

እሷን ያስፈራት ግን ጣቱ አልነበረም። ትንሽ ዝም አለችና «ስለ ፍንዳታው እናገራለሁ። ከፍንዳታው በፊት እዚያ ቤት ስለሆነው ግን ለማንም አልናገርም» አለችኝ።

እኔ ልጽፍ የተነሳሁት በዚህች ዓረፍተ ነገር ምክንያት ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እየተባልን ነው ያደግነው። ለጨጓራና ለሳል እውነት ነው። ደግሞ ያው አፍ «ገመናሽን ሸፍኚ» ብሎ አሳድጎናል። በሁለቱ መሀል የተያዘ ሰው ስንት ነው? ከዓረብ አገር የተመለሰችው፣ በሰሜኑ ጦርነት የተደፈረችው፣ በሊቢያ በረሃ ያለፈው። ካልተናገርሽ አትድኚም ይባላል። ብትናገሪ ደግሞ ትዳርም ስምም ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ ብዙው ሰው ዝም ብሎ ይኖራል። እንቅልፍ ሳይተኛ ይኖራል።

የዚህ ሕክምና ትልቁ ጥቅሙ እኔ እንደማየው እዚህ ላይ ነው። ትዝታውን አንቺ ታዪዋለሽ እንጂ ከሀ እስከ ፐ ማውራት አይጠበቅብሽም። ባለሙያዋ ማወቅ ያለባት ጥቂት ነገር ነው። የትኛው ትዝታ ነው? ከሱ ውስጥ የሚብሰው ምስል የቱ ነው? ያን ስታዪ ስለ ራስሽ ምን ትያለሽ? «ያ የኩሽናው ነገር» ብትያት ይበቃታል። ጓደኛዬም ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ይህ በተለይ በአስተርጓሚ ለሚታከም ሰው ምን ያህል እንደሚያቀል አስቡት። በውጭ አገር ከተሞች የእኛ ሰው ይተዋወቃል። አስተርጓሚዋ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አጠገብሽ የምትቆመው ልትሆን ትችላለች። ከሌላ ከተማ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ይፈለግልኝ ማለት ነውር የለውም። ጓደኛዬ ጠየቀች፣ አገኘች።

በመጀመሪያው ቀን ጣት የሚባል ነገር የለም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ሕክምናው ስምንት ደረጃ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ታሪክሽን ማወቅና አንቺን ማዘጋጀት ናቸው። እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ማን አለሽ? ሲጨንቅሽ ምን ታደርጊያለሽ? ከዚያ ልብሽ የሚያርፍበትን ቦታ በሐሳብሽ ትመርጫለሽ። ጓደኛዬ የመረጠችው የአያቷን ጓሮ ነው። የጤና አዳሙን ሽታ ሳይቀር እያስታወሰች ወደዚያ መመለስን ተለማመደች። ይህ ጊዜ ማባከን መስሏት ነበር። አይደለም። ገደል ከመውረድሽ በፊት ገመዱ የሚታሰርበት ነው። ይህን ዘሎ በመጀመሪያው ቀን ጣቱን የሚያወዛውዝ ሰው ካጋጠመሽ ተነሽና ውጪ። ቲክቶክ ላይ ግራና ቀኝ የምትሄድ ኳስ እያሳዩ «ትሮማችሁን ራሳችሁ አክሙ» የሚሉትንም አልወድም። ቁስል ከፍቶ መሄድ ሕክምና አይደለም።

ሥራው ሲጀመር እንዲህ ነው። ያን ምስል ትይዣለሽ። ስለ ራስሽ የምትዪውን ክፉ ቃል ትናገሪያለሽ። የጓደኛዬ ቃል «እኔው ነኝ በራሴ ያመጣሁት» የሚል ነበር። እናቷ አትሂጂ ብላት ነበርና። ቀጥሎ በእሱ ፋንታ ምን ብታምኚ ትወጃለሽ ትባያለሽ። ከዚያ ከ0 እስከ 10 ምን ያህል ይረብሽሻል? እሷ «20» አለች። ባለሙያዋ 20ውን ተቀብላ ጻፈችው። ከዚያ ሰውነትሽ ላይ የት ይሰማሻል?

ይህች የመጨረሻ ጥያቄ ፈረንጆቹን ትቸግራቸዋለች ይባላል። እኛን ግን አትቸግረንም። ሆዴን ባር ባር አለኝ፣ ልቤ ድው ድው አለ፣ ደረቴ ላይ ድንጋይ ተጫነ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። ሐዘናችንን በሰውነታችን ነው የምንናገረው። በአማርኛሽ ተናገሪው፣ አስተርጓሚው ይቸገርበት።

አሁን ጣቱ ይመጣል። ግማሽ ደቂቃ ገደማ በዓይንሽ ትከተይዋለሽ። ይቆማል፣ ትተነፍሻለሽ። «ምን መጣ?» ትባያለሽ። የመጣውን በአንድ ሁለት ቃል ትያለሽ። «በዚያው ቀጥይ» ይባላል። እንደገና ጣት። ዓይንሽን ካመመሽ እጅን መታ መታ በማድረግ ወይም በጆሮ ማዳመጫ ግራና ቀኝ በሚሰማ ድምፅ ይተካል። አንዱ ቀጠሮ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይወስዳል።

የሚመጣው ነገር አይገመትም። ጓደኛዬ ከመስታወቱ ተነስታ የልጅነት ትምህርት ቤቷ ደረሰች። ከዚያ እጇ ላይ የነበረው እርጥብ ፎጣ ታያት። ፎጣውን ጭንቅላቷ ላይ ጥላው ስለነበር ነው ፊቷ የተረፈው። ይህን ረስታው ነበር። «ራሴን አድኛለሁ እኮ!» ብላ አለቀሰች። ማንም አልነገራትም፣ ራሷ ናት ያገኘችው።

ማታውን ግን ከባድ ነበር። ራሷን አመማት፣ ሕልሟ ተመሰቃቀለ፣ በማግሥቱ ሥራ መሄድ አቃታት። ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ሊል ይችላል። አስቀድሞ ቢነገራት ኖሮ ባልደነገጠች። ስለዚህ ቀጠሮሽን ማግሥቱ ዕረፍት በሆነበት ቀን አድርጊው። ልጅ የሚይዝልሽ ሰው ፈልጊ። የምትወስጂው መድኃኒት ካለ ሐኪምሽ ሳይልሽ አታቋርጪ። ጸበሉንም ጸሎቱንም ማንም ተዪ አይልሽም።

ደግሞ በአንድ ቀን አያልቅም። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 ከ8 እስከ 12 ቀጠሮ ያህል ነው ያስቀመጠው፤ መከራው ብዙ ከሆነ ከዚያም በላይ። ሰቆቃው ተደራራቢ የሆነበት፣ በመሀል ራሱን የሚስት፣ ወይም ዛሬም ከሚመታው ሰው ጋር የሚኖር ሰው ዝግጅቱ ሊረዝምበት ይገባል። ትዝታውም አይጠፋም። ጓደኛዬ ወደቡን ዛሬም ታስታውሰዋለች። አሁን ግን ያለፈ ነገር ሆኖ ነው የምታስታውሰው።

ይህ ነገር ሳይንስ ነው ወይ የሚል አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገሩን የጀመሩት አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፍራንሲን ሻፒሮ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1987 መናፈሻ ውስጥ ሲራመዱ ዓይናቸው ወዲህ ወዲያ ሲል የሚረብሻቸው ሐሳብ እንደቀለላቸው አስተዋሉ። የመጀመሪያ ጥናታቸውን በ1989 አሳተሙ። ብዙ ባለሙያ አላመነም። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ምሁር ሪቻርድ ማክናሊ «የሚሠራው ክፍል አዲስ አይደለም፣ አዲሱ ክፍል አይሠራም» እስከማለት ደርሰዋል። የሚያድነው ትዝታውን ደፍሮ ማየቱ ነው፣ ጣቱ ማጀቢያ ነው ማለታቸው ነው። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ሕክምናው በጥቅሉ እንደሚረዳ ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ተቀብሎታል። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለአዋቂዎች በመደበኛው የጤና መድን ይሸፈናል።

ለምን ይሠራል ለሚለው ብዙ ተመራማሪ የሚቀበለው ማብራሪያ ለእኔም ይገባኛል። አእምሮ ባንድ ጊዜ ሁለት ነገር በደንብ መያዝ አይችልም። ሽሮ እያማሰልሽ የሚያለቅስ ልጅ ስታባብዪ አንዱ ይጎድላል። ጣቱን ስትከተዪ ለክፉው ምስል የሚተርፈው ቦታ ትንሽ ነው። ምስሉ ይደበዝዛል፣ ደብዝዞም ተመልሶ ይቀመጣል።

ለአገር ቤትስ? ባለሙያ በጣም ጥቂት ነው፣ የተጎዳው ሰው ደግሞ ብዙ። ግን መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 ፓውሊን የተባለው አውሎ ነፋስ የሜክሲኮዋን ከተማ አካፑልኮን ከመታ በኋላ የአገሪቱ ባለሙያዎች ይህን ሕክምና ለተረፉ ልጆች በቡድን ሰጥተውታል። ልጆቹ የደረሰባቸውን በወረቀት ይስላሉ። ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ትከሻቸውን በየተራ ቀስ እያሉ መታ መታ ያደርጋሉ። የቢራቢሮ እቅፍ ይሉታል። ማንም ታሪኩን በሰው ፊት አይናገርም። ልዑል ሃሪ እ.ኤ.አ. በ2021 በቴሌቪዥን ሲታከሙ ያሳዩትም ይህን እጅ ማጣመር ነው። ብዙ ሰው በተፈናቀለበት አገራችን በሠለጠነ ሰው እጅ ሊሞከር ይገባዋል ባይ ነኝ። የጤና ጣቢያ ነርሶችን ማሠልጠን፣ ከላያቸውም የሚከታተል ባለሙያ መመደብ ያስፈልጋል። እህቶቻችን መጀመሪያ ተናገሩ፣ ከዚያ እናክማችሁ እየተባሉ መቅረት የለባቸውም።

ጓደኛዬ አሥራ አንድ ጊዜ ሄደች። ባለፈው ቅዳሜ እኛ ቤት ስኒ አጥባ ትሪው ላይ ደረደረችው፤ እርስ በርሱ እየተነካካ። ወደቡ አሁን ስንት ነው አልኳት። «2» አለች። ያኛውስ፣ ስሙን የማናነሳው? «1፣ አንዳንድ ቀን 0።»

ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም።