አክስለሬትድ ነርሲንግ ከማመልከታችሁ በፊት የቤት ኪራዩን ማን እንደሚከፍል ተነጋገሩ

አሜሪካ የገባ ዲግሪ ያለው አበሻ ገና ሻንጣውን ሳይፈታ "ነርሲንግ ግባ" የሚለው ሰው አያጣም። ኢንጂነር ሁን፣ አካውንታንት ሁን፣ ሃይስኩል ጂኦግራፊ ስታስተምር የኖርክ ሁን፣ ለውጥ የለውም፣ መድኃኒቱ አንድ ነው። ምክሩን አልቃወምም። የአሜሪካ የሰራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ የሜይ 2024 መረጃ የአንድ አርኤን (ሬጅስተርድ ነርስ) መካከለኛ የዓመት ደሞዝ 93,600 ዶላር ነው ይላል፣ ስራውም በየስቴቱ አለ፣ ታዲያ ምኑ ይጠላል። እኔን የሚያናድደኝ ከምክሩ ቀጥላ የምትመጣዋ ናት፣ "አንተማ ዲግሪ ስላለህ አክስለሬትድ ገብተህ በአንድ ዓመት ትገላገላለህ" የምትለዋ። እሷን ሰምቶ ስራውን የለቀቀ፣ ሎን ውስጥ የተዘፈቀ፣ መሀል ላይ አቋርጦ ዕዳው ብቻ የቀረለት ሰው አለ፣ ግን እሱ ሰርግ ላይ ተነስቶ አያወራም፣ የሚያወራው የጨረሰው ነው።

ነገሩ ምን እንደሆነ ላስቀድም። አክስለሬትድ ቢኤስኤን (የተፋጠነ የነርሲንግ ባችለር) ማለት በማንኛውም ዘርፍ ባችለር ያለው ሰው የነርሲንጉን ትምህርት ብቻ ጨምቆ የሚወስድበት ፕሮግራም ነው። አዲስ ነገር አይደለም፣ ሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው በ1971 ነው። ከ11 እስከ 18 ወር ይፈጃል፣ ሰመር የሚባል እረፍት የለውም፣ ሲያልቅ ከማንኛውም የነርሲንግ ተመራቂ ጋር እኩል ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርስ ፈቃድ ፈተና ትፈተናለህ። እስከዚህ ድረስ የሚነግሩህ ሁሉ እውነት ነው። የማይነግሩህ ያ 11 ወይ 16 ወር መቆጠር የሚጀምረው ክላስ ከገባህበት ቀን መሆኑን ነው፣ እዛ ቀን ላይ እስክትደርስ ያለውን ማንም አይቆጥርልህም።

እስኪ እንቁጠረው። ፕሪሬክ የሚባሉት፣ ከመግባትህ በፊት ጨርሰህ የምትመጣቸው ኮርሶች አሉ፦ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድ እና ሁለት ከነላቡ፣ ማይክሮባዮሎጂ ከነላቡ፣ ኬሚስትሪ፣ ስታቲስቲክስ፣ ኒውትሪሽን፣ የሰው ልጅ እድገት ሳይኮሎጂ። ይሄ እንደየትምህርት ቤቱ ትንሽ ይለያያል እንጂ አጥንቱ ይሄው ነው። አናቶሚ ሁለትን አንድን ሳትጨርስ አትወስዳትም፣ ማይክሮም ብዙ ቦታ ከፊቷ ባዮሎጂ ትፈልጋለች፣ ስለዚህ ጎበዝ ነኝ ብለህ ሁሉንም በአንድ ሴሚስተር ልትጠቀልላቸው አትችልም። "እኔ እኮ ሀገር ቤት ባዮሎጂ ወስጃለሁ" ያልክ እንደሆነ ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች ሳይንሱ ከ5፣ ከ7 ወይም ከ10 ዓመት በላይ ከሆነ አይቀበሉም። ቀን እየሰራ ማታ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሚማር ሰው ፕሪሬኩ ብቻ ዓመት ከመንፈቅ ቢወስድ አይገርምም፣ ከዛ ማመልከቻው ክላሱ ከመጀመሩ ወራት ቀድሞ ይዘጋል፣ ከዛ መልስ መጠበቅ አለ። የአንድ ዓመቱ ነገር ሶስት ዓመት የሚሆነው እንዲህ ነው። ሶስት ዓመት ደግሞ ምንም ማለት አይደለም፣ ችግሩ ለአንድ ዓመት ብሎ የተዘጋጀ ሰው ሶስተኛው ዓመት ላይ ትንፋሹም ብሩም ማለቁ ነው።

ዲግሪህ የሀገር ቤት ከሆነ ደግሞ የትራንስክሪፕት ጣጣ አለ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ሰው ሲሰቃይ የማየው እዚህ ነው። ትምህርት ቤቶቹ እንደ ዌስ ወይ ኢሲኢ ባለ ድርጅት ኮርስ በኮርስ የተገመገመ ይፈልጋሉ፣ ጠቅላላውን "ባችለር አለው" የሚለው አጭሩ ሪፖርት አይበቃም፣ እሱን ከፍለው ሁለተኛ የሚከፍሉ አሉ። ገምጋሚው ደግሞ ወረቀቱን ከአንተ እጅ አይወስድም፣ ከሬጅስትራር ታሽጎ በቀጥታ ካልመጣ ዋጋ የለውም። ሬጅስትራሩ ጋ ስትሄድ ኮስት ሼሪንግ ይመጣል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የመንግስት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የትምህርት ወጪ መጋራቱን ጨርሶ ክሊራንስ ካላመጣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይላክለትም፣ ስለዚህ ሀገር ቤት ያለ ወንድም ወይ ጓደኛ ውክልና ተሰጥቶት ከገቢዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲመላለስ ይከርማል። ይሄን ስራ ነርሲንግ ያሰባችሁ ቀን ጀምሩት፣ አናቶሚ ከጨረሳችሁ በኋላ አይደለም።

ከዛ ስም። ዲግሪው ላይ ያንተ፣ የአባትህ፣ የአያትህ ስም አለ። ፓስፖርት ላይ አንዱ ፊደል ተቀይሯል፣ ግሪን ካርዱ ላይ የአባትና የአያት ስም አንድ ላይ ተለጥፎ ላስት ኔም ሆኗል፣ ዜግነት ስትወስድ ደግሞ አሳጥረኸው ሊሆን ይችላል። ጸሐይ የምትባል ሴት በሶስት ወረቀት ላይ በሶስት ስፔሊንግ ተጽፋ አይተናል። ነርሲንግ ካስ፣ ማለትም ለብዙ ትምህርት ቤት በአንድ ፎርም የሚያመለክቱበት ሲስተም፣ ወረቀቶችህ ላይ ሌላ ስም አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ አለው፣ ሰው ግን "ምን ያደርግልኛል" ብሎ ባዶውን ያልፈዋል፣ ከዛ ትራንስክሪፕቱ ደርሶ ባለቤት አጥቶ ይቀመጣል። ሁሉንም አጻጻፍ እዛ ጋ ሙሉት። ስም በህግ የቀየራችሁ ማስረጃውን ስካን አድርጋችሁ በእጃችሁ ያዙት።

ጂፒኤ ሌላው ነው። ሀገር ቤት 2.7 ይዞ መመረቅ በዘመኑ ያኮራ ነበር፣ በተለይ በከርቭ የሚሰጥ መምህር የገጠመው ያውቀዋል። እዚህ ግን ገምጋሚው ሲን ሲ ብሎ ነው የሚያልፈው፣ ፕሮግራሞቹ ደግሞ በብዛት ከ3.0 በታች አያዩም። ተስፋ አትቁረጡ፣ የመጨረሻ 60 ክሬዲት ብቻ የሚያዩ ወይም ለፕሪሬክ ውጤት ከባድ ክብደት የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ ስለዚህ ፕሪሬኩን ኤ ማምጣት የድሮውን ያካክሳል። ለዚህ ነው "ኮርሱን ቶሎ ቶሎ ወስደህ ጨርስ" የሚለውን ምክር የማልወደው፣ ሁለት ሳይንስ በአንዴ ወስዶ ሁለት ሲ ከማምጣት አንድ አንድ ወስዶ ኤ ማምጣት ይሻላል። ውድድሩ ቀላል አይደለም፣ የአሜሪካ ነርሲንግ ኮሌጆች ማህበር እንዳለው በ2023 ብቁ ሆነው ሳለ ተመላሽ የተደረጉ ማመልከቻዎች 65,766 ነበሩ፣ ምክንያቱም አስተማሪና የክሊኒካል (የሆስፒታል ልምምድ) ቦታ የለም። ነርስ ጠፋ እየተባለ ነርስ መሆን የሚፈልግ ሰው ይመለሳል፣ ይሄን እንግዲህ አሜሪካኖቹ ያስረዱን።

ቲስ ስለሚባለው የመግቢያ ፈተና ብዙ አልልም። 170 ጥያቄ ነው፣ ንባብ፣ ሂሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ። አንዳንድ ትምህርት ቤት በሱ ፈንታ ሄሲ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ሁለቱንም አይጠይቅም። አናቶሚ ሁለትን እንደጨረሳችሁ ሳይረሳ ተፈተኑት። ዲግሪያችሁ ከውጭ ስለሆነ ብቻ ዜጋም ብትሆኑ ቶፍል የሚጠይቅ ትምህርት ቤት እንዳለ ግን ቀድማችሁ እወቁ።

ወደ ብሩ እንምጣ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ሰው ፋፍሳ፣ ማለትም የፌደራል የትምህርት እርዳታ ፎርሙን፣ ሞልቼ ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ ብር ይሰጠኛል ብሎ ያስባል። ባችለር ያለው ሰው ፔል አያገኝም፣ ባችለሩ ከኢትዮጵያ ቢሆንም አያገኝም፣ አለቀ። የሚቀረው ፌደራል ሎን ነው፣ እሱም ራሱን ለቻለ የባችለር ተማሪ በአንድ የትምህርት ዓመት 12,500 ዶላር ነው፣ የእድሜ ልኩ ጣሪያ 57,500። ሀገር ቤት ተምሮ የመጣ ሰው እዚህ ላይ ትንሽ ይሻላል፣ ሎን ነክቶ ስለማያውቅ ጣሪያው ሙሉ ነው፣ የመጀመሪያ ዲግሪውን እዚህ በሎን የተማረው ግን ከተረፈው ላይ ነው የሚወስደው። የግል ዩኒቨርሲቲ አክስለሬትድ ደግሞ ቱሽኑ ብቻ ከ50 ሺህ የሚዘልበት ብዙ ነው። ሂሳቡን ስሩት፣ ልዩነቱ የሚሞላው በፕራይቬት ሎን ነው፣ እሱ ደግሞ ኮሳይነር፣ አብሮህ የሚፈርም ዋስ፣ ይፈልጋል፣ ኮሳይነሩ ደግሞ ያጎትህ ልጅ ነው፣ አንተ ስትወድቅ እሱም አብሮህ ይወድቃል። አንዳንዶች ባችለሩን ትተው በቀጥታ ማስተርስ የሚያስገባውን ፕሮግራም ያያሉ፣ እሱም ቢሆን ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ የሚባለው ሎን ለአዲስ ተበዳሪ ይዘጋል፣ ለማስተርስ ተማሪ የዓመቱ ጣሪያ 20,500 ዶላር ይሆናል።

ሰው የማያወራለት አንድ ጥሩ ነገር አለ፣ ነርስ ኮር ስኮላርሺፕ። የፌደራል መንግስት ነው፣ ቱሽንና ፊ ከፍሎ በየወሩ ስታይፔንድ ይሰጣል፣ በምላሹ ከተመረቅክ በኋላ ቢያንስ 2 ዓመት ነርስ በጠፋበት ተቋም ትሰራለህ። ግሪን ካርድ ያለውም ማመልከት ይችላል። ፉክክሩ ብርቱ ነው፣ ግን ማመልከቻው ነጻ ነው፣ ለምን አትሞክሩም።

ቱሽኑ ግን ግማሹ ነው። ግማሹ ኑሮው ነው። አክስለሬትድ የገባ ሰው ፉል ታይም መስራት አይችልም፣ ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው አትስሩ ይሉሃል፣ ክሊኒካሉ 12 ሰዓት ሊሆን ይችላል፣ ቅዳሜም እሁድም ማታም ሊመደብ ይችላል፣ የትኛው ሆስፒታል እንደሚደርስህም ሴሚስተሩ ሊጀምር ጥቂት ሲቀረው ነው የምታውቀው። ጠዋት 6:45 ዩኒፎርም ለብሰህ ፍሎር ላይ መቆም ካለብህ 5:30 ላይ ልጅ ማን ይቀበልሃል? ዴይኬር ገና አልተከፈተም። ባለቤትህ ናይት የምትሰራ ከሆነ ገና ከስራ አልወጣችም። ኢንሹራንሱ በማን ስራ ነው ያለው? በአንተ ከሆነና ከለቀቅክ ቤተሰቡ ምን ይሆናል? ሀገር ቤት በየወሩ የምትልከውስ? እናት "ተማሪ ሆኛለሁና ለ16 ወር አልልክም" ተብላ ቀድማ ካልሰማች በየሳምንቱ ስልክ ላይ መሳቀቅ ነው። እቁብ ጥሎ ቀድሞ ያጠራቀመ ሰው አውቃለሁ፣ እጣው የክላሱ መጀመሪያ ላይ እንዲደርሰው ዳኛውን ለምኖ፣ ከሁሉም የበሰለ እቅድ እሱ ነው የመሰለኝ።

ስለዚህ የኔ አቋም ግልጽ ነው፣ ኪራዩን የሚሸፍን ሌላ ገቢ ወይም የዓመት ከመንፈቅ ቁጠባ የሌለው የቤተሰብ ኃላፊ አክስለሬትድን ትቶ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አሶሼት ዲግሪ ነርሲንግ ቢያመለክት ይሻለዋል። ፕሪሬኩ በብዛት አንድ ነው፣ ፕሮግራሙ ወደ ሁለት ዓመት ነው፣ ክፍያው ከግል ዩኒቨርሲቲው ጋር አይወዳደርም፣ ፈተናው ያው ኤንክሌክስ ነው፣ ማታና ዊኬንድ ያላቸውም አሉ። አርኤን ሆነህ ስራ ከጀመርክ በኋላ ቢኤስኤኑን ኦንላይን ትጨርሳለህ፣ ብዙ ሆስፒታል ደግሞ ይከፍልልሃል። ይሄ ሲባል ግን ፊቱን የሚያጠቁር ብዙ ነው፣ "ባችለር ይዤ ወደ አሶሼት ልውረድ?" ይላል። ማን ነው ወረድክ የሚለው? በሽተኛው ክንዱን ዘርግቶ ዲፕሎማህን አይጠይቅህም።

በርግጥ የሌላውም ወገን ነጥብ አለው። አንዳንድ ትልልቅ ሆስፒታሎች ቢኤስኤን የሌለው አዲስ ነርስ አይቀጥሩም፣ ኒውዮርክ ደግሞ በ2017 በወጣው ህግ አዲስ አርኤን በ10 ዓመት ውስጥ ቢኤስኤን እንዲይዝ ታስገድዳለች። ኮሚዩኒቲ ኮሌጁም ወረፋ ሊኖረው ይችላል። ልጅ የሌለው፣ ወይ የትዳር ጓደኛው ደህና ደሞዝ ያለው፣ ፕሪሬኩን በኤ የጨረሰ ሰው አክስለሬትድ ቢገባ እሰየው፣ ለሱ የተሰራ ነው፣ እስከ አንድ ዓመት ቀድሞ ደሞዝ መጀመር ራሱ ትልቅ ብር ነው።

የት እንደምታመለክቱ ስትመርጡ ማስታወቂያውን ተዉት። ሲሲኤንኢ ወይም ኤሲኢኤን እውቅና የሰጠው ነው ወይ፣ የስቴቱ ነርሲንግ ቦርድ ያጸደቀው ነው ወይ፣ ተመራቂዎቹ ኤንክሌክስን በመጀመሪያ ሙከራ ስንት ፐርሰንት ያልፋሉ፣ ይሄንን ቦርዶቹ በይፋ ያወጡታል። ከዛ በላይ ደግሞ ከገቡት ውስጥ በጊዜው የጨረሱት ስንት ናቸው ብላችሁ አድሚሽን ቢሮውን ጠይቁ፣ ግማሹን ክላስ እያባረረ ማለፊያውን 98 የሚያደርግ ትምህርት ቤት ሊኖር ይችላል። "እኔ ጋ ክሊኒካል የለም፣ ክፈልና ወረቀቱን ውሰድ" የሚል አቀባባይ ካጋጠማችሁ ደግሞ ጃንዋሪ 2023ን አስታውሱ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ከ7,600 በላይ የውሸት የነርሲንግ ዲፕሎማ ተሽጧል ተብሎ 25 ሰዎች የተከሰሱበትን ኦፕሬሽን ናይቲንጌል የተባለውን ጉዳይ። ወረቀቱን ገዝተው ፈተናውን ያለፉትም ቢሆኑ በየስቴቱ ላይሰንሳቸው እየታየ ተነጥቋል።

ድርሰቱን ራሳችሁ ጻፉት። "ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት እወድ ነበር" የሚለውን አንባቢው ጠግቦታል። ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆናችሁ የሰራችሁ የአንዱን ምሽት ጻፉ፣ አንዲት አዛውንት እራት አልበላም ስትል ምን እንዳደረጋችሁ፣ ለማን ሪፖርት እንዳደረጋችሁ። ኢንጂነር ከነበርክም አትደብቀው፣ ለምን ከዛ ወደዚህ እንደመጣህ የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ ሌላው አመልካች የሌለው ነገር ነው።

ይሄንን ሁሉ አንብባችሁ አሁንም ያልወሰናችሁ ካላችሁ ለጊዜው አናቶሚ አንድን ተመዝገቡ። በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ ታስፈልጋለች፣ ምዝገባውም ያለ ነርሲንግ አድሚሽን ክፍት ነው።