እርማት፦ 193 ሚሊዮኑ ትርፍ አይደለም

ወንድሜ፣ «ፓራኖርማል አክቲቪቲ የተባለው አስፈሪ ፊልም በ15 ሺህ ዶላር ተሠርቶ 193 ሚሊዮን አተረፈ፤ እኛም ጭጋጋማው የጣርማ በር ተራራ ላይ እንቅረጽ» ያልከው ሐሳቡ ሸጋ ነው፣ ሒሳቡ ግን ተሳስቷል። 193 ሚሊዮኑ በዓለም ዙሪያ የተሸጠው ትኬት ጠቅላላ ገቢ ነው። ከዚያ ላይ ሲኒማ ቤቶች ግማሽ ገደማውን ያስቀራሉ፤ ከቀረው ደግሞ አከፋፋዩ ኮሚሽኑንና የማስታወቂያ ወጪውን ቀድሞ ይቆርጣል። 15 ሺሁም የቀረጻው ብቻ ነው፤ በ2009 (እ.ኤ.አ.) አከፋፋዩ የአሜሪካ ፊልም ኩባንያ ፓራማውንት ለሕዝብ ሲያቀርበው ለማስተዋወቅ የወጣው በሚሊዮኖች ነው። አስፈሪ ፊልም በሁለተኛው ሳምንት ገበያው ከግማሽ በላይ መውረዱ የተለመደ ስለሆነ፣ ማስታወቂያው የሚከመረው ከመክፈቻው በፊት ነው።

የጣርማ በር ጭጋግ በነጻ ነው፣ አልክድም። ነፋሱ ግን ድምፅ ይበላል፤ ማይኩ ጸጉራም መሸፈኛ ካልለበሰ ስቱዲዮ ገብቶ ንግግሩን እንደገና መቅዳት ነው፤ ያ ወጪ ደግሞ ዕቅድህ ውስጥ የለም።