«መኪናውን ሸጦ ይምጣ» የሚል ሰው ቤት ፈልጎ አያውቅም

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ ስለ አዲስ አበባ የመንገድ መጨናነቅ ሲያብራሩ የነበሩ አንድ የትራንስፖርት ባለሙያ፣ ከክልል ከተሞች ለሥራ ወደ መዲናዋ የሚዛወሩ ሰዎች መኪናቸውን ይዘው መግባታቸው ችግሩን እንዳባባሰው ገልጸው፣ እንዲህ ያለው ሰው መኪናውን ባለበት ከተማ ሸጦ ቢመጣና ገንዘቡን ለቤት ኪራይ ቢያውለው ለራሱም ለከተማዋም እንደሚበጅ መክረዋል። አወያዩ አንድም ጥያቄ ሳያነሣ ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፈ። እኔ ግን ማለፍ አልቻልኩም። እዚህ ባሕር ዳር የዝውውር ደብዳቤ ደርሷቸው መኪናቸውን ምን እንደሚያደርጉት የሚጨነቁ ሰዎችን በቅርብ አውቃለሁ። ምክሩ የተሰጠው ለእነሱ ነው፤ ሰምተው ቢከተሉት የሚጎዱትም እነሱ ናቸው።

በመጀመሪያ መጨናነቁን በእኛ ላይ ያላከከውን ክስ እንመልከት፤ ከንግግሩ ሁሉ ደካማው እሱ ነውና። በኢትዮጵያ ከተመዘገቡት ተሽከርካሪዎች ትልቁን ድርሻ የያዘችው ራሷ አዲስ አበባ መሆኗን የዘርፉን ጉዳይ የሚከታተል ሁሉ ያውቃል። ጠዋት መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ላይ ቆሞ ሰሌዳ የሚያነብ ሰው የሚያየው ተከታትለው የሚመጡ የ«አአ» ሰሌዳዎችን ነው። በከተማዋ ከሚታዩት የ«አማ» ሰሌዳዎችም ቢሆን ብዙዎቹ ጤፍ ያራገፉ የጭነት መኪኖችና መንገደኛ የሚያመላልሱ አውቶቡሶች ናቸው፤ ከተማዋም ያለ እነሱ አትውልም። በዓመት ውስጥ ተዛውረው የሚገቡ ጥቂት ሠራተኞች ይዘዋቸው የሚመጡት አሮጌ ቪትዝና ኮሮላ የአንድን ታላቅ ከተማ መንገድ ዘጋ ማለት፣ ለዓመታት መንገድና አውቶቡስ በበቂ ሁኔታ ያላዘጋጀውን አካል ነጻ አውጥቶ ጥፋቱን መከላከያ በሌለው እንግዳ ላይ መጫን ነው። አንድ ባለሙያ ይህን በአደባባይ ሲናገር ቢያንስ አንድ ማስረጃ ማቅረብ ነበረበት፤ አላቀረበም።

ከዚህ የሚከፋው ግን ምክሩ ራሱ ነው፤ መኪናን ከቤት ነጥሎ የሚያይ ሰው የሰጠው ምክር ነውና። ውድ ወደሆነ ትልቅ ከተማ ለሚዛወር ሰው የመኪናና የቤት ኪራይ ጉዳይ አንድ ሒሳብ ነው፤ አንዱን ሳይነኩ ሌላውን መቁረጥ አይቻልም።

ባሕር ዳር ለጥ ባለ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የሚያስተምር መምህር በብስክሌት ሥራ ገብቶ በብስክሌት ይመለሳል፤ የቸኮለ በባጃጅ ይሄዳል፤ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ሠራተኛ፣ በግንቦት 2016 በተመረቀውና 380 ሜትር በሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ለእግረኛና ለብስክሌት በተለየው መንገድ ይሻገራል። ስለዚህ እዚህ መኪና ያለው ሰው በአመዛኙ መኪናውን ለዕለት ሥራ አይፈልገውም። የሚፈልገው የታመመች እናቱን ከመራዊ ወይም ከዳንግላ ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ለማምጣት፣ ገጠር ለቅሶ ለመድረስ፣ በበዓል ልጆቹን ይዞ ጎንደር ወይም ደብረ ታቦር ወላጆቹ ዘንድ ለመሄድ ነው። በዚህች ከተማ ያለ መኪና በደንብ መኖር ይቻላል፤ ቢኖርህም ማንም ሽጠው አይልህም።

አሁን ይህ ሰው አዲስ አበባ ተመድቧል እንበል። መሥሪያ ቤቱ ሜክሲኮ ወይም ቦሌ ነው። በመሥሪያ ቤቱ አቅራቢያ ሁለት መኝታ ያለው ቤት ሲጠይቅ የሚነገረው ኪራይ ከደመወዙ ጋር የሚያያዝ አይደለም። ደላላው ቀስ በቀስ ወደ ዳር ይወስደዋል፤ የካ አባዶን ያሳየዋል፤ ጀሞን ያሳየዋል፤ በመጨረሻ ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ላይ ሊከፍለው የሚችል ኮንዶሚኒየም ያገኛል። ኪራዩ የቀነሰው ቤቱ ስላነሰ አይደለም፤ የቤቱ ስፋት ያው ነው፤ አንዳንዴም ይበልጣል። የቀነሰው ከሥራ፣ ከሆስፒታልና ከጥሩ ትምህርት ቤት ስለራቀ ነው። ተከራዩ ያልከፈለውን ብር በየቀኑ በጠዋት ተነስቶ በሰልፍ ላይ በመቆም ይከፍለዋል። መኪና ያለው ሰው ግን ይህን ርቀት ሊሸከመው ይችላል፤ ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ ሥራ ይገባል፤ ሲመሽም መኪናው እስካለ ድረስ ቤቱ ይደርሳል። ስለዚህ መኪናው ርካሹን ቤት እንዲከራይ ያስቻለው ንብረት ነው። መኪናውን ከወሰድክበት ያንን ቤትም ወሰድክበት ማለት ነው፤ ምክንያቱም ያለ መኪና በዚያ ቤት መኖር ስለማይችል ወደ መሐል ከተማ ይመለሳል፤ መሐል ከተማ ደግሞ ኪራዩ አይቻልም።

ባለሙያው በመኪናው ሽያጭ ገንዘብ ኪራይ ይክፈል ያሉት ይህን ሁሉ ሳያስቡ ነው። የመኪናው ዋጋ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ገንዘብ ሲሆን፣ ኪራይ ግን በየወሩ የሚመጣ ዕዳ ነው። በደመወዝ የሚኖር ቤተሰብ የመኪናውን ገንዘብ በመሐል ከተማ ኪራይ ላይ እየሸራረፈ ከጨረሰው በኋላ ምን ይሸጣል? ያኔ ወደ ዳር ይወጣል፤ ግን ያለ መኪና ይወጣል። በሌላ አነጋገር የተመከረው፣ የብዙ ዓመት ቁጠባውን ለጥቂት ጊዜ ምቾት ለአከራይ አስረክቦ፣ በመጨረሻ ከሁሉም የከፋውን ኑሮ እንዲኖር ነው። ይህን ምክር ለገዛ ወንድሙ የሚሰጥ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ትራንስፖርት ሞልቷል የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር አንዱ መስመሩ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ይደርሳል፤ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ግን አይደርስም። ሥራ ሲጀምር ከነበሩት 41 ባቡሮችም ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመዋል። አንበሳና ሸገር አውቶቡሶች አሉ፤ ሚኒባስም አለ፤ ነገር ግን በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚሠራውን ሰልፍ ያየ ሰው «አለ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ይጠቀማል። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ በፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ ይሄዳል ይባላል፤ እውነት ነው፤ አውቶቡሱ ግን ሰዓቱን ጠብቆ በመስመሩ የሚሄድ ነውና ሌሊት ተረኛ የሆነችን ነርስ አያደርሳትም፤ የባንክና የግል ድርጅት ሠራተኛንም አይጭንም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ከመሐል ከተማ ወደ ዳር ሰፈር የምትመለስ ሴት ያላት ምርጫ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ነው፤ የአንድ ሌሊቱ ክፍያም በቤተሰቡ በጀት ላይ የሚታወቅ ነው። መኪናን ቅንጦት ብሎ የሚጠራ ሰው ለዚች ሴት መልስ ሊኖረው ይገባል።

የኪራይ አዋጁ ወጥቷል፤ ቤት ፈላጊው እፎይ ብሏል የሚሉም አሉ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ቢያንስ ለ2 ዓመት እንዲቆይና ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር እንዳይበልጥ ማድረጉ ጥሩ ነው፤ አከራይ በፈለገው ወር ኪራይ እንዳይጨምርም ከልክሏል። ይህ ግን ቤት ይዞ ለተቀመጠው የተሰራ መከላከያ ነው። ገና በር ለሚያንኳኳው የባሕር ዳር ሰው የመሐል ከተማውን ዋጋ ወደ ደመወዙ አላወረደለትም፤ እሱን አሁንም ወደ ዳር ያወጣዋል።

ሌላው ስሕተት መኪና ተሽጦ ተመልሶ የሚገዛ ዕቃ መምሰሉ ነው። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ተጥሏል፤ በጥር 2016 ደግሞ ከኤሌክትሪክ በስተቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አስታውቀዋል፤ በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የምንዛሪው ዋጋ ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። በዚህ ሁኔታ የቤንዚን መኪና የያዘ ቤተሰብ የሸጠውን ዓይነት መኪና በሸጠበት ዋጋ መልሶ አያገኝም። የኤሌክትሪኩን ይግዛ ካላችሁም፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ ባሕር ዳር ለመድረስ በመንገዱ ላይ የት ቻርጅ እንደሚያደርግ አብራችሁ ንገሩት።

መንገዱን ካነሳሁ አይቀር፤ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል 565 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ መንገዱ ስንት ጊዜ እንደተዘጋና ተጓዥ ምን እንደደረሰበት ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። በዚህ ምክንያት መኪናው ለአገር ቤት ጉዞ አያገለግልም ብሎ የሚከራከር ይኖራል። እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው። መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን ወላጆቹን ለማየት የሚነሳ ሰው ሰዓቱን ራሱ የሚመርጠው መኪና ሲኖረው ነው፤ ለአምስት ቤተሰብ የአውሮፕላን ትኬት መግዛት የሚችል ደመወዝተኛ ደግሞ አላገኘሁም።

ነዳጁ መወደዱን አልክድም። በሐምሌ 2014 በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረው ቤንዚን በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገብቷል፤ ከዚያም በኋላ ጨምሯል። በኮንዶሚኒየም ግቢ ማቆሚያው ጠባብ ነው፤ ለጥበቃ ይከፈላል፤ ስፖኪዮ የሚነቅል ሌባም አይጠፋም። ይሁን እንጂ በአንድ ሳይት የሚኖሩና ወደ አንድ አካባቢ የሚሄዱ ሦስት አራት ሠራተኞች በአንዱ መኪና ተሳፍረው ነዳጁን ሲካፈሉ ወጪው ወደሚቻል ይወርዳል፤ ይህን የሚያደርጉ ብዙዎች ናቸው። አራት ሰው የጫነ አሮጌ ቪትዝ ከመንገዱ የሚወስደው ቦታ ሾፌሩን ብቻ ይዞ ከሚሄድ ትልቅ የመሥሪያ ቤት መኪና እጅግ ያነሰ ነው፤ ስለ መጨናነቅ የሚያስብ ባለሙያም ይህን ልማድ የሚያበረታታ ሐሳብ ቢያመጣ በሰማነው ነበር።

ሽጡ የሚባል ነገር ካለ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው አዛዋሪው ነው። ሠራተኛውን ከባሕር ዳር አንስቶ አዲስ አበባ የሚመድብ ድርጅት በደብዳቤው ላይ የሥራ መደቡንና የሪፖርት ማድረጊያውን ቀን ይጽፋል፤ ስለ ቤት፣ ስለ ሰርቪስና ስለ ዕቃ ማጓጓዣ ግን ብዙ ጊዜ አንድም ቃል አይኖርበትም። ያንን ክፍተት ሠራተኛው በራሱ መኪና ሸፍኖ ሥራ ሲገባ አሁን መኪናው ጥፋት ሆኖ ተቆጠረበት።

ደብዳቤው ለደረሳችሁ የከተማዬ ሰዎች የምለው አጭር ነው። ቤት ሳታገኙ መኪና አትሽጡ። መጀመሪያ ያለ መኪና ሄዳችሁ ዘመድ ዘንድ እረፉ፤ ልትከራዩት ካሰባችሁት ሰፈር ተነስታችሁ በሥራ መግቢያ ሰዓት በታክሲ ሂዱ፤ ማታም በዚያው ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ ነው ውል የሚፈረመው። መኪናውን እስከዚያው ባሕር ዳር በምታምኑት ሰው ግቢ አቁሙት፤ የባትሪውን ገመድ አስፈቱ፤ ሊብሬውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቦሎውና ኢንሹራንሱ እንዳያልፍ ቀኑን መዝግቡ። ሁሉን አይታችሁ መኪናው አያስፈልግም ካላችሁ ያኔ ሳትጣደፉ ትሸጡታላችሁ፤ መዛወሩ የታወቀበት ሰው መኪና ሲያወጣ ደላላው ዋጋውን ምን ያህል እንደሚጥልበት ባሕር ዳር ውስጥ የማያውቅ የለም።