ቄጠማ በዓመት የሚያልቅ ሳር አይደለም

ሰላም ወገኖች። በዓል በደረሰ ቁጥር ስለ ቄጠማ አንድ አስተያየት ይዘዋወራል። ሐሳቡ ባጭሩ፦ «ቄጠማ እንደ ማንኛውም ሳር የዓመት ተክል ነው፤ ከነሥሩ ብትነቅሉትም ክረምት ሲገባ ከዘሩ ይበቅላል» የሚል ነው። በቅን ልብ የተጻፈ ይመስለኛል፤ ግን ልክ አይደለም።

በምንጭና በጅረት ዳር የሚበቅለው፣ ለጉዝጓዝ የምናውለው ቄጠማ ብዙ ዓመት የሚኖር ተክል ነው። ሳርም አይደለም፤ የሳር የሩቅ ዘመድ ነው እንጂ። ነፍሱ ያለችው ከመሬት በታች ነው። ጭቃው ውስጥ አግድም የሚሄድ ወፍራም ግንድ አለው፤ አዲሱ ቀንበጥ በዋናነት የሚወጣው ከዚያ ነው።

ማረጋገጡ ቀላል ነው። ሐረር ሸዋ በር ገበያ ስትወጡ ከእስሩ አንድ ዘለላ መዛችሁ በሁለት ጣት አንከባሉት። ሦስት ጠርዝ ስላለው እንደ ሳር አገዳ አይሽከረከርም። ታች ጫፉ ላይ ዝንጅብል የመሰለ ቡናማ ነገር ካለ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ነው። (እኔማ ሻጯን «እማማ፣ በማጭድ የታጨደ የለም?» ማለት ጀምሬያለሁ። ይስቁብኛል።)

የታጨደው መልሶ ያቆጠቁጣል። ከነግንዱ ከተነቀለ ግን ለቀጣዩ ቀዳም ስዑር ራስ ላይ የሚታሰረውን ከሌላ ምንጭ መፈለግ ነው። ዳርቻውን ጨምድዶ የያዘው ሥርም ስለሌለ፣ አፈሩን የክረምቱ ጎርፍ ይዞት ይሄዳል።